ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ፋይል በቀጥታ አልሄድ ሲል፦ ኤንኤቲ በሩን ከዘጋ ምን ይደረጋል?

ጥር ሲገባ ጎጃም ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው እረፍት የለውም። ሠርጉ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ዳንግላ ነው። ስቱዲዮው ደብረ ማርቆስ ይሆንና ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ባሕር ዳር ይቀመጣል። በመካከላቸው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ስለዚህ ሲንክቲንግን የመሰለ፣ ፋይልን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያመሳስል ነፃ ፕሮግራም ሁለቱም ጋ ይጫናል። ፎልደር ይመረጣል፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይተዋወቃሉ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ወይ ጭራሽ አይገናኙም፣ ወይ ይገናኙና ፋይሉ ይንቀረፈፋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። መሀል ላይ ያለው ኤንኤቲ (NAT)፣ ማለትም ራውተሩ አድራሻ የሚተካበት አሠራር ነው። እዚህ ሲንክቲንግን እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ፤ ግን የደኅንነት ካሜራ ከሩቅ ማየት፣ ጌም መጫወት፣ ቪፒኤን መዘርጋት ወይም ቪዲዮ ጥሪ የምትሠሩ ከሆነም ምርመራው ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ሦስተኛውን ደረጃ ሳያይ አምስተኛው ላይ ሲታገል ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባን

የቤታችሁ ራውተር ለውጭ የሚያሳየው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ከጀርባው ያሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች የውስጥ አድራሻ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር። ከውስጥ መልእክት ሲወጣ ራውተሩ የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ ይተካና መዝገብ ይይዛል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ኤንኤቲ ማለት ይኸው ነው። ከውጭ ቀድሞ የሚመጣ ግን መዝገብ ላይ የለም። ራውተሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ "እገሌ ይመጣል" ካልተባለ አያስገባም። ሁለቱም ወገን ዘበኛ ካለው ሁለቱም በር ላይ ይቀራሉ።

ፕሮግራሞቹ ይህን የሚያልፉበት ዘዴ አላቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውጭ ያለ ሰርቨር ዘንድ ሄዶ "ከዚያ ሆነህ ስታየኝ አድራሻዬና ፖርቴ ስንት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ፖርት ማለት በአንድ አድራሻ ላይ መልእክቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ቁጥር ነው። የዚህ አጠያየቅ ደንብ (ፕሮቶኮል) ስም ስተን ነው። ከዚያ ሁለቱ አድራሻ ይለዋወጡና በአንድ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይልካሉ። እያንዳንዱ ራውተር ከውስጥ የወጣውን መዝግቧልና ከወዲያ የሚመጣውን እንደ መልስ ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

ዘዴው በብዙ ቤቶች ይሠራል። የሚከሽፈው አንደኛ፣ መስመሩ ዩዲፒ የሚባለውን ዓይነት መልእክት ጭራሽ ሲከለክል ነው። ሁለተኛው ምክንያት "ሲሜትሪክ" የሚባለው ኤንኤቲ ነው። ይህ ለእያንዳንዱ መድረሻ ሌላ ፖርት ስለሚሰጥ፣ ስተን የነገራችሁ ቁጥር ለጓደኛችሁ አይሠራም። ሁለቱም ወገን ሲሜትሪክ ከሆነ በዚህ ዘዴ ቀጥታ መገናኘት አይታሰብም። አንደኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ እንደ ሌላኛው ራውተር ጥብቅነት ይወሰናል። ሦስተኛው ምክንያት መዝገቡ ቶሎ መጥፋቱ ነው፤ ግንኙነቱ ይጀምርና ትንሽ ዝም ሲባል ይቋረጣል።

1. መስመራችሁ የሚችለውን ለኩ

ማንም ይህን አያደርግም፤ ግን መጀመሪያ መደረግ ያለበት ይኸው ነው። የላኪውን የአፕሎድ ፍጥነት ለኩ፤ ዳውንሎዱን ተዉት። አፕሎዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ 20 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ለመላክ ምንም ሳይቋረጥ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 1 ሜጋቢት ከሆነ ወደ 44 ሰዓት ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ፣ ግንኙነቱም ቀጥታ ሆኖ ነው።

ቀጥሎ ሲንክቲንግ ላይ የዚያኛውን መሣሪያ ስም ተጫኑና የግንኙነቱን ዓይነት አንብቡ። "ላን" ካለ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። "ቲሲፒ ዋን" (TCP WAN) ወይም "ክዊክ ዋን" (QUIC WAN) ካለ በቀጥታ ተገናኝተዋል፤ ኤንኤቲ ችግራችሁ አይደለም። "ሪሌይ" ካለ ፋይሉ የሚያልፈው በጎ ፈቃደኞች ባቆሙት መሀል ሰርቨር በኩል ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ማንበብ አይችልም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። ግን ብዙ ሰው ስለሚጋራው ፍጥነቱ ይወርዳል።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። በሪሌይ የሚሄደው ፍጥነት ከአፕሎዳችሁ ጋር እኩል ከሆነ ሌላ ሥራ የላችሁም። ቀጥታ ብታደርጉትም አንድ ደቂቃ አታተርፉም። ከአፕሎዱ በጣም ካነሰ፣ ወይም ከነጭራሹ ግንኙነት ከሌለ ቀጥሉ።

2. ኮምፒውተሩ ራሱ እንዳይሆን

ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ "ፐብሊክ" ብሎ ይመዘግበዋል፤ እንደ ካፌ ዋይፋይ ይቆጥረውና ፋየርዎሉን፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለውን ክፍል፣ ያጠብቃል። የቤት ወይም የስቱዲዮ መስመር ከሆነ "ፕራይቬት" አድርጉት። ከዚያ ፋየርዎሉ ውስጥ ለፕሮግራሙ ፈቃድ ስጡ። ሌላ አንቲቫይረስ ካለ እሱም የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ይችላልና እዩት። ፋየርዎሉን ለሙከራ አጥፍታችሁ ካያችሁ ወዲያው መልሱት።

3. ሁለቱን ቁጥሮች አወዳድሩ

ከሁሉም ትልቁ ምርመራ ይህ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀረውን መንገድ በሙሉ ግን እሱ ይወስነዋል።

የራውተሩን ገጽ በብራውዘር ክፈቱ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ግርጌ ወይም ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። "ስታተስ" የሚለው ውስጥ "ዋን አይፒ" (WAN IP) የሚል ቁጥር አለ፤ ራውተሩ በውጭ በኩል የያዘው አድራሻ ነው። እሱን ጻፉት። ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ሆናችሁ "አይፒዬ ስንት ነው" የሚል ድረ ገጽ ክፈቱና የሚያሳየውን ቁጥር አጠገቡ ጻፉ። ቪፒኤን ከፍታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ዝጉት።

ኤዲት የሚያደርገው ልጅ የስቱዲዮውን ባለቤት በስልክ ሲጠይቅ ንግግሩ እንዲህ ይመስላል።

"ጋሼ፣ ዋን አይፒ ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ።"

"መቶ፣ ነጥብ፣ ሰባ ሁለት፣ ነጥብ፣ አሥራ አምስት፣ ነጥብ፣ ስምንት።"

"ድረ ገጹስ?"

"እሱማ ሌላ ነው የሚለው። በመቶም አይጀምርም።"

ልጁ የሚፈልገውን አግኝቷል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ራውተራችሁ እውነተኛ የውጭ አድራሻ ይዟል፤ ደስ ይበላችሁ፣ ወደ አምስተኛው እለፉ። ከተለያዩ ግን ከራውተራችሁ በላይ ሌላ ኤንኤቲ አለ። የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የአገልግሎት ሰጪው ኤንኤቲ ነው። ይህ የአድራሻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተለየ ነው። የውጭ አድራሻ በዓለም ላይ ስላነሰ ብዙ ደንበኞች አንዱን ይጋራሉ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ብዙ ጊዜ እናንተው ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር ተደራርቧል። በ10 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምር ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ቀጣዩን ደረጃ ሞክሩና ታዩታላችሁ። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነም ስልኩ አንድ ኤንኤቲ ነው፣ ከላዩ የሞባይል ኔትወርኩ ሌላ ሊጨምር ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቴይልስኬል የሚባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የጫናችሁ ከሆነ እሱም ለኮምፒውተራችሁ የሚሰጠው አድራሻ ከዚሁ ከ100.64 ክልል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከራውተሩ ገጽ አንብቡ እንጂ ከኮምፒውተሩ ላይ አትውሰዱ።

4. ሁለት ራውተር ከተደራረበ

በጣም የተለመደ ነው። መስመሩ ሲገባ የመጣ ሞደም አለ፤ ዋይፋዩ ጓዳ አልደርስ ሲል ከገበያ ሌላ ራውተር ተገዝቶ ተሰክቷል። ሁለቱም ኤንኤቲ ይሠራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተገዛውን ራውተር "አክሰስ ፖይንት" ሞድ ላይ አድርጉት። ዋይፋዩን ያሰራጫል፣ በር መጠበቁን ለሞደሙ ይተዋል። ከዚያ ሦስተኛውን ደረጃ ድገሙት።

5. ፖርት መክፈት

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሁለቱም ወገን መከፈት የለበትም። ደብረ ማርቆስ ከተከፈተ ባሕር ዳር በምንም ዓይነት ኤንኤቲ ጀርባ ቢሆን ግድ የለም፤ ግንኙነቱን እሱ ይጀምራል። አንዴ ከተገናኙ ፋይሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁለቱ ቀላሉን ምረጡና ጉልበታችሁን እዚያ አውሉት።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ አንድ የውስጥ አድራሻ እንዲያገኝ ራውተሩ ላይ አስይዙለት። "አድረስ ሪዘርቬሽን" በሚል ስም ዲኤችሲፒ ከሚለው ገጽ ታገኙታላችሁ። ይህን ካልሠራችሁ ዛሬ የተከፈተው ፖርት ነገ ወደ አንዱ ስልክ ይጠቁማል። ከዚያ "ፖርት ፎርዋርዲንግ" ወይም "ቨርቹዋል ሰርቨር" በሚለው ገጽ ፖርት 22000ን ወደዚያ ኮምፒውተር ምሩ፤ ለሁለቱም የመልእክት ዓይነቶች፣ ለቲሲፒም ለዩዲፒም። የሲንክቲንግ መደበኛ ፖርት ይህ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 51820 ነው፣ ዩዲፒ ብቻ።

ሙከራው ከውጭ ይሁን። አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ሆናችሁ በራሳችሁ የውጭ አድራሻ ስትመጡ አያስተናግድም፤ ተከፍቶ ሳለ የተዘጋ ይመስላችኋል። ፖርት የሚፈትሹ ድረ ገጾችን ስትጠቀሙ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፕሮግራሙ ክፍት ካልሆነ ሁልጊዜ "ዝግ ነው" ይላሉ። ብዙዎቹም የሚያዩት ቲሲፒን ብቻ ነው።

ዩፒኤንፒ የሚባለው ዘዴ ይህን ሁሉ በራሱ ይሠራዋል። ፕሮግራሙ ራውተሩን ይጠይቃል፣ ራውተሩ ይከፍታል። ለቤት ምንም አይልም። ብዙ ሰው በሚገባበት ስቱዲዮ ወይም ቢሮ ግን አልመክርም፤ የትኛውም ፕሮግራም፣ ቫይረስም ጭምር፣ ሳያስፈቅድ በር ሊከፍት ይችላል። በእጅ መክፈት ይሻላል። የራውተሩን የማስተዳደሪያ ገጽ፣ የሲንክቲንግን መቆጣጠሪያ ገጽ 8384ን እና የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕን 3389ን ግን በምንም ምክንያት ለውጭ አትክፈቱ።

6. ኤንኤቲው የአገልግሎት ሰጪው ከሆነ

እንግዲህ ራሳችሁ ቤት ፖርት መክፈት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስንቱ ሰው ራውተር ለውጦ ገንዘቡን አቃጥሏል! አትለውጡ።

የሚቻለው ይህ ነው። የሌላኛውን ወገን ቁጥር አስመርምሩ፤ እሱ ጋ የውጭ አድራሻ ካለ አምስተኛውን ደረጃ እዚያ ሥሩ። ሁለቱም ጋ ከሌለ አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት እንዳላችሁ እዩ፤ "አይፒዬ ስንት ነው" የሚለው ገጽ በሁለት ነጥብ (:) የተከፋፈለ፣ ፊደልም የተቀላቀለበት ረጅም አድራሻ ያሳያል። ሁለቱም ወገን ካለው ኤንኤቲ ከነአካቴው አያስፈልግም፤ ራውተሩ ፋየርዎል ላይ ፖርቱን መፍቀድ ብቻ ይቀራል። ይህም ካልሆነ አገልግሎት ሰጪውን ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ለድርጅት የሚሰጥና ተጨማሪ ክፍያ ያለው ነው። ስቱዲዮ ንግድ ፈቃድ ስላለው መጠየቁ አይከፋም።

ሁለቱም ዝግ ሆነው የቀራችሁ ዕድል መጀመሪያ ያየነው፣ በዩዲፒ በአንድ ጊዜ የመላላክ ዘዴ ከሆነ፣ ሲንክቲንግ ሴቲንግ ውስጥ "ኮኔክሽንስ" የሚለው ገጽ ላይ ኤንኤቲን መሻገሪያው መፈቀዱን አረጋግጡ። መስመሩ ሲሜትሪክ መሆኑን ለማወቅ ቴይልስኬል የሚባለው ፕሮግራም "ኔትቼክ" የሚል ትእዛዝ አለው። ውጤቱ ላይ ሁለት መስመር ፈልጉ። ዩዲፒ "ፎልስ" ካለ መስመሩ ዩዲፒ አያሳልፍም። "ማፒንግ ቬሪስ" የሚለው "ትሩ" ካለ ሲሜትሪክ ነው። ሁለቱም ወገን ሲሜትሪክ ከሆነ አትድከሙ፤ ወደ ሰባተኛው።

ተገናኝቶ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ራውተሮች ዝም ያለን የዩዲፒ መዝገብ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እንዲያቆዩ የኢንተርኔት ቴክኒክ ደንቡ ያዛል፤ በተግባር በ30 ሰከንድ የሚሰርዙ ብዙ ናቸው። ዋየርጋርድ ላይ "ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ" የሚለውን 25 አድርጉት። በየ25 ሰከንዱ ትንሽ መልእክት እየላከ መዝገቡን በሕይወት ያቆየዋል።

7. ሦስተኛ ኮምፒውተር ማቆም

ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ወይም ለመሞከር ጊዜ ከሌላችሁ፣ የእኔ ምክር ይህ ነው። የውጭ አድራሻ ያለው ትንሽ ሊኑክስ ሰርቨር ተከራዩ። ሁለታችሁም ወደ እሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለምትወጡ የማንም ኤንኤቲ አይከለክልም።

በሁለት መንገድ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። አንደኛው የራሳችሁን ሪሌይ ማቆም ነው። የሲንክቲንግ ሪሌይ መደበኛ ፖርቱ 22067 ነው። ሲነሳ የራሱን ሙሉ አድራሻ ያሳያችኋል፤ እሱን እንዳለ ቀድታችሁ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከማዳመጫ አድራሻዎች፣ ማለትም ሲንክቲንግ ግንኙነት ከሚጠብቅባቸው፣ ጋር ትጨምሩታላችሁ። ሰው ሁሉ እንዳይጠቀምበት ከሕዝባዊው ዝርዝር ውጭ አድርጉት። ትንሽ ዲስክ ይበቃዋል፤ ምንም አያስቀምጥም። ዳታው ግን በሰርቨሩ በኩል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፦ 20 ጊጋባይት ገብቶ 20 ጊጋባይት ይወጣል። የወር ገደብ ካለው አስቡበት።

ሁለተኛው መንገድ ሰርቨሩን ራሱን ሦስተኛ የሲንክቲንግ መሣሪያ ማድረግ ነው። ለኛ አካባቢ ከሪሌይ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱ መብራት ነው። ፒር ቱ ፒር፣ ማለትም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መላላክ፣ የሚሠራው ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ መብራት ሲመጣ ባሕር ዳር ከሄደ፣ ባሕር ዳር ሲመጣ ደብረ ማርቆስ ከሄደ፣ ምርጡ ሪሌይ ቢኖራችሁ ምንም አይፈይድም። ሦስተኛው መሣሪያ ግን ሁልጊዜ በርቶ ይጠብቃል። ስቱዲዮው ሌሊት ይልካል፣ ልጁ ጠዋት ይወስዳል።

የሰው ሠርግ ባዕድ ሰርቨር ላይ መቀመጡ ካሳሰባችሁ፣ ሊያሳስባችሁም ይገባል፣ ፎልደሩን ለሰርቨሩ ስታጋሩ የይለፍ ቃል ስጡት። ሰርቨሩ በኩል የፎልደሩ ዓይነት "ሪሲቭ ኢንክሪፕትድ" ይሆናል። ይዘቱም የፋይሎቹ ስምም ተመስጥሮ ይቀመጣል። የይለፍ ቃሉን ሁለታችሁ ብቻ ታውቃላችሁ። በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ከጠፋ ሰርቨሩ ላይ ያለው ቅጂ አይፈታም። ዲስኩ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሠርግ የሚይዝ ይሁን። ዋናው ቅጂ ደግሞ ኤዲቱ አልቆ ባለሠርጎቹ እስኪረከቡ ድረስ ስቱዲዮው ዘንድ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ሲንክ ባክአፕ አይደለም። አንዱ ጋ በስሕተት የጠፋ ፋይል ሌላውም ጋ ይጠፋል።

መብራት ከተነሳ አይቀር፣ ራውተሩ ተነስቶ ሲመለስ የውጭ አድራሻው ሊቀየር ይችላል። ሲንክቲንግ አዲሱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ዋየርጋርድ ግን አያገኝም፤ በተከፈተው ወገን ዲዲኤንኤስ የሚባለውን አገልግሎት አብሩና በቁጥር ፋንታ ስም ተጠቀሙ። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ማድረግም ከብዙ ጣጣ ይገላግላል።

ፕሮግራም ለምትጽፉ

የራሳችሁን የቪዲዮ ጥሪ በዌብአርቲሲ (በብራውዘር ድምፅና ምስል በሚያስተላልፈው ዘዴ) የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ስተን ብቻ አስገብታችሁ "ጨረስን" አትበሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ አንዱ በሞባይል ዳታ ሲገባ ይቆማል። ተርን የሚባለውን አስተላላፊ ከመጀመሪያው ጨምሩ። ኮተርን የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። መደበኛ ፖርቱ 3478 ነው። ጥብቅ ፋየርዎል ላለበት ካምፓስ ወይም ቢሮ ደግሞ በፖርት 443 በቲኤልኤስ ምስጠራ አስነሱት፤ ዌብ ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ እምብዛም አይዘጋም። የይለፍ ቃሉ ጊዜያዊ ይሁን፤ አለበለዚያ ማንም አግኝቶ ዳታችሁን ይጨርሰዋል።

ተርኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ ግንኙነቱን በግድ በ"ሪሌይ" ብቻ እንዲሄድ አድርጉና ሞክሩ። ይህን ፈተና ካላለፈ የሚያስፈልግበት ቀን አይደርስላችሁም። ተጠቃሚው ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲቀየር ደግሞ ጥሪውን ከመዝጋት በፊት አይስን፣ ማለትም መገናኛ መንገዱን የሚፈልገውን የዌብአርቲሲ ክፍል፣ እንደገና አስጀምሩ።

ሁሉም እምቢ ካለ

አፕሎዱ ራሱ ደካማ ከሆነ የትኛውም ዘዴ አያድነውም። ያን ጊዜ ሥራውን ክፈሉት። ስቱዲዮው ከትልቁ ቪዲዮ አነስ ያለ፣ ጥራቱ የተቀነሰ ቅጂ (ፕሮክሲ) ያዘጋጅና እሱን ብቻ በኢንተርኔት ይላክ። ልጁ በፕሮክሲው መቁረጥ ይጀምራል። ዋናውን ሃርድ ዲስክ በደንብ ጠቅልሎ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ለሚገባ የታወቀ ሰው መስጠት ነው። የፋይሎቹ ስም በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን፤ ያኔ ዲስኩ ሲደርስ ኤዲቱ ከዋናው ጋር በቀላሉ ይገጣጠማል። ዲስኩም ሲላክ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ይሁን፣ ቅጂውም ስቱዲዮ ይቅር።